ማሲንቆ ያለ ደጋኑ ግማሽ ነው

ማሲንቆ ሊገዛ ገበያ የወጣ ሰው ብዙ ጥያቄ ይጠይቃል። እንጨቱ ዋንዛ መሆኑን፣ ቆዳው በደንብ መወጠሩን፣ አንገቱ ቀጥ ብሎ መቆሙን፣ ቅርጹና ጌጡ ማማሩን እያገላበጠ ይመረምራል። በዋጋው ተከራክሮ ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ሻጩ ከጥግ ካለው ክምር አንዱን ደጋን መዝዞ ያቀብለዋል፤ ገዢውም ምንም ሳይመለከት ተቀብሎ ይሄዳል። ሣጥኑን ግማሽ ሰዓት የመረመረ ሰው ደጋኑን ግማሽ ደቂቃ እንኳ አላየውም። እኛም ዛሬ ለመናገር የፈለግነው ሳይታይ ስለሚያልፈው ስለዚሁ ግማሽ ነው።

አርእስቱን ያዩ አንዳንድ ወጣቶች «አገር ስንትና ስንት ጉዳይ እያለባት ስለ ጎባጣ እንጨትና ስለ ፈረስ ጭራ መጻፍ ምን ይረባል?» ይሉን ይሆናል። ይረባል። በየትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ክበብ ይቋቋማል፤ በየወረዳው የባህል ቡድን ይደራጃል፤ ለዚህም የሕዝብ ገንዘብ ይወጣል። በዚሁ ገንዘብ የተገዛው ማሲንቆ በመድረክ ላይ ሲያንቋርር ግን «የአገራችን መሣሪያ ዱሮም እንዲህ ነው፤ ከፈረንጁ ቫዮሊን ጋር አይወዳደርም» የሚል ፍርድ ይሰማል። የተፈረደበት ማሲንቆው ነው፤ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የደጋኑ ነው። ዳኛው ተከሳሹን ሳያይ የፈረደ ያህል ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። የክራር አውታር በጣት ወይም በመግረፊያ ተነክቶ ይለቀቃል፤ ድምፁም ወዲያው ከፍ ብሎ ቀስ በቀስ ይሞታል። ማሲንቆ ግን እንደ ሰው ድምፅ ሳይቋረጥ ለመቆየት፣ ለማደግና ለመቀነስ ይችላል። ይህን የሚያስችለው ደጋኑ ነው። እንዴት እንደሚያስችለውም የጀርመን ሊቅ ሄርማን ሄልምሆልትዝ በ1863 በፈረንጆች አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ ገልጾታል፤ በኋላም በ1930 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሕንዳዊው ራማን፣ ለሽልማት ካበቃው ሥራ ቀደም ብሎ፣ በዚሁ ጉዳይ ላይ ብዙ ደክሟል። የደጋኑ ጭራ አውታሩን ይዞ ወደ ጎን ይስበዋል፤ አውታሩ ከመጠን በላይ ሲሳብ ያመልጥና ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ጭራው ደግሞ እንደገና ይይዘዋል። ድምፁ በሴኮንድ 200 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ቢሆን፣ ጭራው አውታሩን በአንዲት ሴኮንድ 200 ጊዜ ይይዛል፣ 200 ጊዜም ይለቃል ማለት ነው። ጆሯችን የሚሰማው ለስላሳና ያልተቋረጠ ድምፅ የዚህ የመያዝና የመልቀቅ ድምር ነው።

እንግዲህ ይህን ያወቀ ሰው የደጋን ምርጫ ለምን ድምፅን እንደሚለውጥ ለመረዳት አይቸገርም። ጭራው በደንብ ካልያዘ አውታሩ ቀድሞ ያመልጣል፤ ድምፁም አየር የበዛበትና የሚያፏጭ ይሆናል። ከመጠን በላይ ከያዘ ደግሞ አውታሩ በጊዜው አይለቀቅም፤ ያን ጊዜ እንደ ዝገት በር ያለ ሲጥሲጥታ ይሰማል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለችውን መልካም ቦታ የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም የደጋኑ ፍጥነት፣ በአውታሩ ላይ የሚያርፈው ጫናና የሚያርፍበት ቦታ ናቸው። አውታሩን ተሸክማ በቆዳው ላይ ወደምትቆመው ትንሽ እንጨት በተጠጋ መጠን ድምፁ ይሰላል፣ ጫናም ይፈልጋል፤ ከእርሷ በራቀ መጠን ድምፁ ይለሰልሳል። ሦስቱንም የሚያዘው የተጫዋቹ እጅ ነው። ነገር ግን እጁ ሊያዝ የሚችለው ደጋኑ በፈቀደለት መጠን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ቫዮሊን አራት አውታር አለው። ተጫዋቹ የድምፁን መልክ ለመለወጥ ሲፈልግ ከአንዱ አውታር ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ወፍራሙ ያጎረምሳል፣ ቀጭኑ ያበራል። ማሲንቆ ያለው አውታር ግን አንድ ብቻ ነው። ትዝታውም፣ ባቲውም፣ አምባሰሉም፣ አንቺ ሆዬውም፣ የሠርጉም የኀዘኑም ዜማ የሚወጣው ከዚያው ከአንዱ አውታር ነው። የግራ እጅ ጣቶች ዜማውን ይመርጣሉ፤ ኀዘኑንና ደስታውን፣ ቁጣውንና ልመናውን የሚለየው ግን የቀኝ እጅ ነው። ስለዚህ ለቫዮሊን ደጋን ቁም ነገር ከሆነ፣ ለማሲንቆ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ቁም ነገር መሆን ይገባዋል። እኛ ግን ነገሩን ገልብጠን ይዘነዋል፤ ፈረንጆች ለደጋን ልዩ ባለሙያ ሲያቋቁሙ እኛ ደጋንን እንደ ምራቂ እንቆጥረዋለን።

አሁን ወደ ደጋኑ አካል እንግባ። የመጀመሪያው ጭራው ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ለደጋን በትክክል ይሠራል። አንዱ የፈረስ ፀጉር ብቻውን ምንም አያደርግም፤ ብዙው አንድ ላይ ሲሰለፍ ግን አውታሩን ይገዛዋል። ለአንድ የቫዮሊን ደጋን ከ150 እስከ 200 የሚደርስ ፀጉር ይታሰርለታል። የማሲንቆ አውታር ደግሞ ራሱ ከብዙ የፈረስ ጭራ የተሠራ በመሆኑ ከቫዮሊን አውታር ይወፍራል፤ ጭራ በጭራ ላይ ይሄዳልና። ስለዚህም ስስ የሆነ የጭራ መስመር በወፍራሙ አውታር ላይ ሲያልፍ ይንሸራተታል፤ ድምፁም የሰለለ ይሆናል። የበዛና እርስ በርሱ የተጣበቀ ጭራ ደግሞ ድምፁን ያደነዝዘዋል፤ ጉልበት አለው፣ ንግግር ግን የለውም። ጥሩ ደጋን ጭራው ሁሉ እኩል የተወጠረ፣ አንዱ ላልቶ አንዱ ጠብቆ የማይታይበት ነው።

በዚህ ረገድ የጎጃም ደጋ ያለው ሀብት በእውነት የሚያስቀና ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ምዕራብ በቡሬ አድርጎ ወደ አዊ አገር የወጣ ሰው የፈረሱን ብዛት ያያል። በእንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ሲያከብር የሚሰለፈውን ያጌጠ ፈረስ ያየ፣ ይህ አገር የጭራ ችግር አለበት ብሎ ለማሰብ አይችልም። ሆኖም በፈረስ አገር መካከል ተቀምጠን በናይለን ክር የተወጠረ ማሲንቆና ደጋን አልፎ አልፎ ማየታችን ያሳዝናል። ናይለን ልስልስ ነው፤ የፈረስ ፀጉር ግን በጣት ሲዳሰስ ለስላሳ ቢመስልም ላዩ በጥቃቅን ቅርፊት የተሸፈነ ስለሆነ የተቀባውን እጣን ይዞ ያቆያል። ርካሹ ክር ለአንድ ቀን ትርኢት ይበቃ ይሆናል፤ ማሲንቆን ማሲንቆ ያሰኘውን ድምፅ ግን አይሰጥም።

ሁለተኛው እጣኑ ነው። ጭራ የቱን ያህል ያማረ ቢሆን ካልተቀባ ድምፅ አያወጣም፤ በአውታሩ ላይ ዝም ብሎ ይንሸራተታል። የቫዮሊን ተጫዋቾች ከፓይን ዛፍ ሙጫ የተዘጋጀ ጠጣር ነገር ይቀባሉ። የእኛ አዝማሪዎች ደግሞ ከቆላው ዛፍ የሚገኘውን፣ በቤተ ክርስቲያን የምናጥነውን፣ ቡና ስናፈላ የምናጨሰውን እጣን ይቀባሉ። መጠኑን ማወቅ ራሱ ጥበብ ነው። ያነሰ እንደሆነ ደጋኑ ያፏጫል፤ የበዛ እንደሆነ አቧራው በአውታሩ ላይ ተከምሮ ድምፁ ይሻክራል። ልምድ ያለው አዝማሪ በጨዋታው መካከል ደጋኑን ወደ እጣኑ ሰደድ አድርጎ ሲመልስ ያየ ሰው፣ ጊዜ ለማሳለፍ የሚያደርገው አይምሰለው፤ ድምፁን እየጠገነ ነው።

ሦስተኛው እንጨቱ ነው። የማሲንቆ ደጋን ስሙን የሚጋራው ከጥጥ መንደፊያው ደጋን ነው። እናቶቻችን ጥጥ ሲነድፉ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፤ የላላ ደጋን ጥጡን አይበትነውም፣ ከልክ በላይ የተወጠረ ደግሞ እጅን ይመታል፣ ክሩንም ይበጥሳል። የማሲንቆውም እንዲሁ ነው። እንጨቱ ሲታጠፍ እሺ የሚል፣ ሲለቀቅ ግን ወደ ቦታው የሚመለስ መሆን አለበት። ግትር እንጨት በአውታሩ ላይ ይዘላል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ረጅም ዜማ ለመሳብ አያመችም። ልፍስፍስ እንጨት ደግሞ ጫን ሲሉት ጭራው ላልቶ አውታሩን ይውጠዋል እንጂ አያናግረውም። የቫዮሊን ደጋን ጭራውን የሚያጠብቁበትና የሚያላሉበት ብሎን አለው፤ በተለመደው የማሲንቆ ደጋን ላይ ግን ይህ የለም። ስለዚህ የውጥረቱን ልክ የሚወስኑት የሠሪው አስተሳሰርና የእንጨቱ ጠባይ ናቸው። በሚገዛበት ቀን ያልተመረመረ ደጋን በኋላ በቀላሉ አይታረምም።

የፈረንጆቹን ታሪክ ጥቂት ብናስታውስ ትምህርት ይሆነናል። የቫዮሊንም ደጋን በመጀመሪያ እንደ እኛ ወደ ውጭ የጎበጠ ነበር። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ግን ፍራንሷ ዣቪዬ ቱርት የተባለ የፓሪስ ባለሙያ፣ ከብራዚል የሚመጣውን ፐርናምቡኮ የተባለ እንጨት በእሳት እያሞቀ ወደ ውስጥ አጎበጠው። ጫን ሲሉት የማይልፈሰፈስ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ድምፅ የሚሰጥ ደጋን ተገኘ፤ ርዝመቱ ወደ 75 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱም ወደ 60 ግራም ገደማ ሆኖ ሥርዓት ያዘ። ቱርት በወጣትነቱ የሰዓት ሥራ እንደተማረ ይነገራል፤ ጥንቃቄውም ከዚያ የመጣ ይመስላል። በ1835 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር ሞተ፤ በእጁ የሠራቸው ደጋኖች ግን ዛሬ በጨረታ በመቶ ሺህ በሚቆጠር ዶላር ይሸጣሉ። እንጨቱም ከመመናመኑ የተነሣ ከ2007 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ውል ንግዱ ቁጥጥር ይደረግበታል። ለአንድ ዘንግ ይህን ያህል ዋጋ መስጠት እብደት የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ ያው ቫዮሊን በአንዱ ደጋን ሲናገር በሌላው ሲያጉረመርም አልሰማም ማለት ነው።

ታዲያ ከዚህ የምንማረው «እኛም የቱርትን ደጋን እናምጣ» የሚል ነው ወይ? አይደለም። የቱርት ደጋን የተሠራው ለትልልቅ አዳራሽ፣ ለረጅምና ለእኩል ድምፅ ነው። የማሲንቆ ደጋን ጉብጠቱ የሚሰጠው ሌላ ነው፤ ድምፁ ሲነሣ ያብጣል፣ ሲያልቅ ይሳሳል፤ እንደ ንግግር ያለ ትንፋሽ አለው። ይህም ለአዝማሪ ሥራ የተመቸ ነው። በደብረ ማርቆስም ሆነ በቢቸና ጠጅ ቤት የተቀመጠ ሰው እንደሚያውቀው፣ ተጋባዡ «ተቀበል!» ብሎ ግጥሙን ሲሰጥ አዝማሪው ተቀብሎ ይዘፍነዋል፤ ከዚያም አንድ ጊዜ ዝም ብሎ ደጋኑን ብቻ ይስባል። በዚያች ትንሽ ጊዜ ውስጥ ሰሚው ሰሙን ትቶ ወርቁን ይፈልጋል፤ ያገኘም ቀድሞ ይስቃል። የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ በተዘራበት አገር ይህች ጊዜ ቀልድ አይደለችም። ደጋኑ በእርሷ ውስጥ ቢያንቋርር ወርቁ አብሮ ይጠፋል። የፈረንጁ ታሪክ የሚያስተምረን ቅርጹን እንድንቀዳ ሳይሆን፣ ለራሳችን ሥራ የሚስማማውን ደጋን በዚያው ዓይነት ጥንቃቄ እንድንሠራ ነው።

የአገሩ አየርም ሊረሳ አይገባም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት፤ ክረምቷም ዝናብ የበዛበት ነው። የፈረስ ጭራ እርጥበት ሲነካው ይረዝማል፤ ደጋኑም ይላላል። የሣጥኑም ቆዳ እንዲሁ ይረግባል። ያው ደጋን በደጀን በኩል ወደ አባይ ሸለቆ፣ ከ1,200 ሜትር ወዳነሰው ሙቀት ሲወርድ፣ ጭራው ተኮማትሮ ይጠብቃል። በነሐሴ በደብረ ማርቆስ የተሠራ ደጋን በግንቦት ቆላ ቢወርድ እንጨቱን እስኪያጎብጠው ድረስ መጥበቁ፣ በግንቦት የተሠራውም በነሐሴ መላላቱ የሚያስገርም አይደለም። የቀድሞ አዝማሪዎች ማሲንቆአቸውን ከእሳት አጠገብ ሞቅ አድርገው የሚነሡት በዚሁ ምክንያት ነው።

«ጎበዝ አዝማሪ በማንኛውም ደጋን ይጫወታል» የሚል ክርክር ይቀርብልን ይሆናል። እውነትነት አለው። ጎበዝ ገበሬም በደነዘ ማጭድ ያጭዳል፤ ነገር ግን ጉልበቱን ይጨርሳል፣ እህሉንም ያረግፋል። ባለሙያው በመጥፎ ደጋን ሲጫወት ሐሳቡ ከዜማው ይልቅ ጉድለቱን በመሸፈን ላይ ይውላል። ጀማሪው ተማሪ ግን ይህን እንኳ ለማድረግ አይችልም። መጥፎ ድምፅ ሲያወጣ ጥፋቱ የእጁ ይመስለዋል፤ በሦስተኛው ወር መሣሪያውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ይተወዋል። ለጎበዙ ደጋን መምረጥ መርዳት ነው፤ ለጀማሪው ግን መማርና አለመማርን የሚወስን ነገር ነው።

በአገራችን የባህል መሣሪያን በቁም ነገር የመያዝ ልምድ ፈጽሞ ያልታየ አይደለም። በ1963 በፈረንጆች አቆጣጠር በግብጽ ተወላጁ ሙዚቀኛ በሐሊም ኤል ዳብ አነሣሽነት ተቋቁሞ፣ በኋላ በተስፋዬ ለማ የተመራው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ፣ ማሲንቆን ከክራርና ከዋሽንት፣ ከበገናና ከከበሮ ጋር በአንድ መድረክ አሰልፎ አሳይቷል። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ማሲንቆ ከቫዮሊንና ከፒያኖ ጎን የትምህርት ዓይነት ሆኖ ይሰጣል። ብዙ ማሲንቆ በአንድነት ሲጫወት ደግሞ የደጋኑ ጉዳይ የባሰ ይጎላል፤ አንዱ ደጋን ከባድ፣ አንዱ ቀላል፣ አንዱ እጣን የጠገበ፣ አንዱ የደረቀ ከሆነ፣ ቅኝቱ ቢስማማ እንኳ ድምፁ አይዋሐድም።

እንግዲህ በየቢሮው ላላችሁ ወጣት ሹማምንት የምንለው ይህ ነው። ለባህል ቡድን ወይም ለትምህርት ቤት ዕቃ ሲገዛ በዝርዝሩ ላይ «ማሲንቆ ከነደጋኑ» ብላችሁ አትለፉ። ደጋኑን ለብቻው ጻፉት፤ ጭራው የፈረስ መሆኑን፣ እኩል መወጠሩን፣ ለእያንዳንዱ ማሲንቆም ሁለት ደጋን እንዲቀርብ ጠይቁ፤ አንዱ ለጭፈራና ለሠርግ የሚሆን ጭራው የበዛ፣ አንዱ ለትዝታና ለእንጉርጉሮ የሚሆን ቀለል ያለ። ከሁሉ በላይ በግዥ ኮሚቴው ውስጥ አንድ ማሲንቆ መቺ ይቀመጥ። ማሲንቆ መምታት የማያውቅ ኮሚቴ ማሲንቆ ሲመርጥ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» ይሆናል። የዋጋው ማነስ ብቻ መመዘኛ ሲሆን፣ መንግሥት ገንዘብ ያተረፈ ይመስለዋል፤ በዓመቱ ግን መሣሪያው በመጋዘን አቧራ ለብሶ ይገኛል።

ለተማሪዎችም ቀላል የመመርመሪያ መንገድ እንንገራችሁ። በመጀመሪያ ደጋኑን ወደ ዓይናችሁ አቅርባችሁ በርዝመቱ ተመልከቱት፤ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የተጣመመ ከሆነ መልሱት። ቀጥሎ ጭራውን በመካከሉ በአውራ ጣት ገፋ አድርጉት፤ እንጨቱን ሳይነካ ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ከዚያም እጣን ቀብታችሁ ከሥር እስከ ጫፍ በጣም በዝግታ ሳቡት። በዝግታ ሲሳብ ድምፁ ሳይቆራረጥ እስከ ጫፍ ከደረሰ ደጋኑ ይረባል። በመጨረሻም ያንኑ ዜማ በሁለት ወይም በሦስት ደጋን ተጫውታችሁ፣ ጓደኛችሁ ፊቱን አዙሮ ይስማ፤ ዓይን የሚያታልለውን ጆሮ ይለየዋል።

በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ ያሉ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከዚህ አልፈው ሊሄዱ ይችላሉ። ጭራው በአዊ ደጋ አለ፤ እንጨቱ በየጓሮው አለ፤ እጣኑ ከቆላው ይመጣል፤ ዕውቀቱም በሽማግሌ አዝማሪዎች እጅ ነው። የጎደለው እነዚህን አራቱን አገናኝቶ በአንድ የእጅ ሥራ ክፍል ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ነው። አንድ መምህር፣ አንድ አዝማሪና አሥር ተማሪዎች በአንድ የዕረፍት ወቅት ደጋን መሥራት ቢለማመዱ፣ ወጪው ትንሽ ነው። ውጤቱ ግን ለትምህርት ቤቱ ክበብ ብቻ ሳይሆን ለገበያም ይተርፋል። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ዘለዓለም አይጠብቁንም፤ የትኛው እንጨት በየትኛው ወር እንደሚቆረጥ፣ ጭራው እንዴት ታጥቦ እንደሚታሰር የሚያውቅ አንድ ሰው ባለፈ ቁጥር፣ የማይተካ መጽሐፍ እንደተቃጠለ ያህል ነው።

ማሲንቆን እንወዳለን እያልን በየበዓሉ መድረክ ላይ ማውጣት ብቻውን ፍቅር አይባልም። ፍቅር ከሆነ ጉድለቱን ማወቅ፣ የሚያስፈልገውን መስጠት ነው። እስከ ዛሬ ለሣጥኑ የሰጠነውን ዓይን ከእንግዲህ ለደጋኑም እናካፍለው። ያን ጊዜ ያው አንድ አውታር፣ በልኩ በተወጠረ ጭራ፣ በልኩ በተቀባ እጣን ሲነካ፣ አራት አውታር ካለው መሣሪያ ፊት አፍሮ የሚቆምበት ምክንያት አይኖርም።